ካባ የነበረን መሬት አረንጓዴ ማልበስ፦ ከአፈር ምርመራ እስከ ችግኝ መጽደቅ፣ ለጎጃም የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በጎጃም የመንገድ ዳር የድንጋይ ካባዎች (ድንጋይ እየተፈለጠ የሚወጣባቸው ቦታዎች)፣ የገረጋንቲ ማውጫዎችና በዓባይ በረሃ አፋፍ ያሉ የኖራ ድንጋይ ቁፋሮዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ይተከልባቸዋል፤ ጥር ላይ ግን አብዛኛው ደርቆ ይገኛል። ጥፋቱም በችግኙ፣ በዝናቡ ወይም በተካዩ ላይ ይጣላል። ከደረቁት አንዱን ቀስ ብለው ነቅለው ቢመለከቱ ምክንያቱ እዚያው ይታያል፦ ሥሩ የፕላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ተጠምዝዞ ቀርቷል፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ተልጎ ለስልሷል፤ ከታች ያለው ጭቃ ግራጫ ሆኖ ይሸታል። የጭነት መኪና ሲመላለስበት በጠጠረ ወለል ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምቱን ሙሉ ውኃ አቁሮ ሥሩን አፍኖታል፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ወደ ታች መውረድ ያልቻለው አጭር ሥር ችግኙን ከጥም ሊያድነው አልቻለም።

ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከአፈር ይጀምራል፤ ችግኝ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። አንዱን ደረጃ ዘልለው ወደሚቀጥለው አይሂዱ።

ከመጀመርዎ በፊት

መጀመሪያ መሬቱን መልሶ የማልማት ግዴታ የማን እንደሆነ ይጠይቁ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ የወሰደው አካል በሥራው የተጎዳውን መሬት እንዲያስተካክል ያስገድዳል። ፈቃዱ ገና ካልተዘጋ የማሽኑ ሥራ በባለፈቃዱ እንዲሠራ መጠየቅ ይገባል፤ ወለል መሰንጠቅና ተዳፋት ማስተካከል በሰው ጉልበት ብቻ እጅግ አድካሚ ነውና።

ቀጥሎ የአደጋ ነገር ነው። በደማሚት በተሠራ ካባ ውስጥ ያልፈነዳ ደማሚት ሊቀር ስለሚችል፣ ሽቦ ወይም ገመድ የወጣበት ቀዳዳ ካዩ አይንኩት፤ ቦታውን አጥረው ለፖሊስ ያሳውቁ። ከቀጥ ያለ ግድግዳ ሥር ቆመው አፈር አይውሰዱ። ክረምት ውኃ የሚያቁሩ ጉድጓዶችን ልጆችና ከብቶች እንዳይገቡባቸው ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአጥር ይክለሏቸው።

ሥራውን በወራት ይከፋፍሉት። የአፈር ናሙና በጥቅምትና በኅዳር ይወሰዳል፤ መሬት ማስተካከልና ወለል መሰንጠቅ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ይሠራል፤ ኖራ፣ ብስባሽና የጉድጓድ ቁፋሮ በሚያዝያና በግንቦት ይጠናቀቃል፤ ሳር በሰኔ ይዘራል፤ ችግኝ በሐምሌ ይተከላል። ይህን በሰኔ የሚያነቡ ከሆነ ዘንድሮ ሳርና ጥራጥሬ ብቻ ዘርተው ዛፉን ለከርሞ ማቆየቱ ይሻላል።

ካባው ገና እየሠራ ከሆነ የላይኛውን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ለም አፈር በደረቅ ወቅት ለብቻው ያስገፍፉ፤ ከሥሩ ካለው አፈር ጋር እንዲቀላቀል አይፍቀዱ። ክምሩ ከ2 ሜትር በላይ አይቆለል፤ ቁመቱ በጨመረ መጠን ውስጡ አየር እያጣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ያልቃሉና። ከ6 ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ ጓያ፣ ግብጦ ወይም ሌላ ጥራጥሬ ይዝሩበት።

ደረጃ 1፦ መሬቱን በአፈሩ ዓይነት ይከፋፍሉ

በካባ ውስጥ አንድ ወጥ አፈር የለም። ወለሉ፣ እርከኑ፣ የተጣለው የድንጋይ ቁልል፣ መኪና የሚሄድበት መንገድና የተከማቸው ለም አፈር እያንዳንዳቸው የተለያየ ጠባይ አላቸው። ቦታውን ዞረው ይመልከቱና በወረቀት ላይ ንድፍ ይሥሩ፤ ቀለሙ፣ የድንጋዩ ብዛት ወይም የተዳፋቱ አቅጣጫ በተለወጠበት ሁሉ መስመር ያስምሩ። በክረምት ማግሥት ከሄዱ ደግሞ በራሱ የበቀለውን ይመዝግቡ። እምቧጮና ክትክታ የበቀሉበት ቦታ በትንሽ እገዛ ይለማል፤ ሁለትና ሦስት ክረምት አልፎበት አንድም ሳር ያላበቀለ ቦታ ግን ጠንከር ያለ ምርመራ ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ናሙና ይውሰዱ፣ በቦታውም ይፈትሹ

ከእያንዳንዱ ክፍል ከ10 እስከ 15 ቦታ ላይ በዘፈቀደ እየተዘዋወሩ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያለውን አፈር ይውሰዱ፤ ከ20 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያለውንም በሌላ ዕቃ ለብቻው ይያዙ። በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ አደባልቀው አንድ ኪሎ ያህል ያስቀሩ፤ በጥላ ሥር ያድርቁት፤ የክፍሉን ስምና ጥልቀቱን በእርሳስ ጽፈው በከረጢቱ ውስጥ ያስገቡ። ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያ ውጤቱን ስለሚያዛባ አይጠቀሙበት። ናሙናውን በክልሉ ወደሚገኝ የአፈር ላቦራቶሪ ወይም ወደ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ወስደው ይጠይቁ። እንዲለካልዎ የሚፈልጉት ፒኤች (የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል)፣ የሚለዋወጥ አሲድ (በአፈሩ ቅንጣት ላይ የተያዘው አሲድ)፣ የጨው መጠን፣ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና የአፈሩ ሸካራነት (የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ድርሻው) ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። የሚከተሉት ፍተሻዎች ገንዘብ አይፈልጉም።

የጥጥረት ፍተሻ፦ ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሁለት እጅ ይጫኑ። 30 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ እምቢ ካለ ሥርም እምቢ ይባላል። ድንጋይ መትቶ እንዳይሆን በዙሪያው አምስትና ስድስት ጊዜ ይሞክሩ።

የድንጋይ መጠን ፍተሻ፦ አንድ ባልዲ አፈር መዝነው በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይንፉት፤ የቀረውንም ይመዝኑ። ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ይያዙት። ላቦራቶሪው የሚመረምረው በወንፊቱ ያለፈውን ብቻ ስለሆነ፣ ከአፈርዎ ግማሹ ድንጋይ ከሆነ በወረቀቱ ላይ «በቂ» የተባለው ንጥረ ነገር በመሬቱ ላይ ግማሽ ብቻ ነው።

የውኃ ስርገት ፍተሻ፦ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉት፤ ሲያልቅ እንደገና ሞልተው በአንድ ሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይለኩ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ችግኙን ውኃ ያፍነዋል፤ ከ25 በላይ ከሆነ ደግሞ አፈሩ ውኃ አይይዝም።

የጓል ፍተሻ፦ የደረቀ ትንሽ ጓል በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሳይነቀንቁ ያስቀምጡ። ውኃው በራሱ ከደፈረሰና ቆይቶም ወተት የመሰለ ደመና ከቀረበት አፈሩ በጎርፍ ቶሎ ይበተናል፤ በተዳፋት ላይ እንዲህ ዓይነቱን አፈር ሳይሸፍኑ አይተዉት።

የኮምጣጤ ፍተሻ፦ በአፈሩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉ ከፈላ በውስጡ የኖራ ድንጋይ አለ። በዚያ መሬት ላይ ኖራ መጨመር ጉዳት ነው።

የቆርቆሮ ፍተሻ፦ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል አፈር በአምስት የተበሱ ጣሳዎች፣ ከአጠገብ ካለ ጥሩ ማሳ ደግሞ በሌሎች አምስት ጣሳዎች ይሙሉ፤ በሁሉም ገብስና ባቄላ ዘርተው ለሦስት ሳምንት እኩል ያጠጡ። ከዚያ ነቅለው ሥሩን አጥበው ያወዳድሩ። አጭር፣ ወፍራምና ቡናማ ጫፍ ያለው ሥር አሉሚኒየም የበዛበት አሲዳማ አፈር ምልክት ነው፤ ጭራሽ ካልበቀለ ጨው ወይም መርዛማ ነገር ይጠርጥሩ። ላቦራቶሪው መልካም ብሎ ቆርቆሮው ካልተስማማ ቆርቆሮውን ይመኑ፤ ናሙናውንም በድጋሚ ይላኩ።

ደረጃ 3፦ ውጤቱን ከመሬቱ ጋር አገናኝተው ያንብቡ

ፒኤች ከ5.5 እስከ 7.5 ከሆነ አብዛኛው ተክል ይበቅላል። ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ሥርን ይጎዳል፣ ፎስፈረስም ይታሰራል። የአዊና የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ሳይቆፈርም አሲዳማ ስለሆነ፣ ከሥር ተገልብጦ የወጣው ደግሞ ብስባሽ የሌለው በመሆኑ የበለጠ ይጎዳል። ከ4 በታች የሆነ ቦታ ካጋጠመዎ፣ በተለይም ከቁልሉ የሚወጣው ውኃ ብርቱካናማ ዝቃጭ ከተወ፣ ድኝ ያለበት ድንጋይ አየር አግኝቶ አሲድ እያመረተ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አይትከሉ፤ ቁልሉ ውኃ በማያሳልፍ ሸክላ አፈር መሸፈንና ጎርፍ ወደሱ እንዳይገባ መከልከል አለበት፤ ለዚህም ባለሙያ ይጥሩ።

የጨው መጠን ከ2 ዴሲሲመንስ በሜትር (ላቦራቶሪው ጨውን የሚገልጽበት መለኪያ) በታች ከሆነ ችግር የለውም፤ ከ4 በላይ ከሆነ ጨው የሚችሉ ሳሮች ብቻ ይበቅላሉ። ኦርጋኒክ ካርቦን ከ1 በመቶ በታች ሆኖ መገኘቱ በካባ መሬት የተለመደ ነው፤ ብስባሽ ሳይጨምሩ መትከል ችግኙን ለረሃብ ማጋለጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ልዩነት በቁፋሮው ዓይነት ይወሰናል።

የጥቁር ድንጋይ ካባ ዋናው ችግሩ ኬሚካል አይደለም፤ የአፈር ጥልቀት ማነስና ጥጥረት ነው። ፍርስራሹ ቀስ እያለ ጥሩ ንጥረ ነገር ይለቅቃል፤ ውኃና ብስባሽ ካገኘ ቶሎ ያገግማል።

ቀይ አሸዋ የተዛቀበት ኮረብታ አየርና ስርገት አይጎድለውም፤ ውኃ መያዝ ግን አይችልም። ቀይ ሸክላ አፈርና ብስባሽ ከላይ አልብሰው ብቻ አይተዉት፤ ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ጋር ያደባልቁት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ጎርፍ ያለበሱትን ጠርጎ ይወስደዋል።

በደጀንና በዓባይ በረሃ አፋፍ ያለው የኖራ ድንጋይ ፒኤቹ ብዙ ጊዜ ከ7.5 እስከ 8.5 ይደርሳል። በዚህ አፈር ብረትና ፎስፈረስ ቢኖሩም ተክሉ ሊወስዳቸው አይችልም። ግራቪሊያና ዲከረንስ (ከውጭ የመጣ የግራር ዝርያ) እዚህ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫሉ። ለአሲዳማ መሬት የተሰጠን ምክር ተከትሎ በዚህ ላይ ኖራ መበተን ችግሩን ማባባስ ነው። ጂፕሰም (ጀሶ) የወጣበት መሬት ደግሞ በውኃ ስለሚሟሟ ውስጥ ውስጡን ይቦረቦራል፤ ከባድ ማሽን ከማስገባትዎ በፊት የሰመጠ ቦታ ይፈልጉ።

ዋልካ አፈር ከካባ ላይ ተገፍፎ በሚገኝበት በምሥራቅ ጎጃም ሜዳ ብዙ ሰው ደስ ብሎት በተዳፋት ላይ ያለብሰዋል። ዋልካ እርጥብ ሲሆን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በተዳፋት ላይ ክረምት ሲጠግብ በሙሉ ይንሸራተታል፣ በበጋም ስንጥቁ የለጋ ሥርን ይበጥሳል። በሜዳው ወለል ላይ ያውሉት፤ ለተዳፋቱ ቀይ አፈር ይፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ተዳፋቱንና ጎርፉን ያስተካክሉ

1. ከካባው በላይ ጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ይቆፍሩ፤ መውጫውን በድንጋይ ይደልድሉ።
2. የቁልሉን ተዳፋት ወደ 1 ለ 3 ያውርዱ፤ ማለትም ለ1 ሜትር ቁመት 3 ሜትር አግድም ይሁን። ከዚህ በላይ ገደላማ የሆነውን በእርከን ይከፋፍሉ።
3. እርከኑን በኤ-ፍሬም (በ«A» ፊደል ቅርጽ የተሠራ የእንጨት መለኪያ) ወይም በውኃ ልክ እየለኩ በአንድ ከፍታ ላይ ያስኪዱ። በዓይን ግምት የተሠራ እርከን ውኃን ወደ አንድ ቦታ ሰብስቦ ቦረቦር ይፈጥራል።
4. የተጀመረ ቦረቦር ካለ ከላይ ወደ ታች በድንጋይ ክትር ይዝጉት።

የመጀመሪያው ዝናብ እርከኑን ከበጠሰው የተበጠሰውን ብቻ አይጠግኑ፤ ውኃው ከየት እንደመጣ ወደ ላይ ተከትለው ይሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው በማስቀየሻው ቦይ ነው።

ደረጃ 5፦ የጠጠረውን ወለል ይሰንጥቁ

ዶዘር ካለ በሪፐሩ (ከኋላው ባለው የመሰንጠቂያ ጥርስ) ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በተዳፋቱ አግድም፣ በ1 ሜትር ርቀት ያሰንጥቁ። መሬቱ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ሸክላ በሪፐር አይሰነጠቅም፣ ይላጋል እንጂ። ከተሰነጠቀ በኋላ ምንም መኪና እንዳይገባበት ይከልክሉ፤ አንድ የአፈር ጫኝ መኪና የቀኑን ሙሉ ሥራ መልሶ ሊያጠጥረው ይችላል።

ማሽን ከሌለ ወለሉን በሙሉ ለመቆፈር አይድከሙ። በድጅኖና በዶማ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ትሬንቾች በየ3 ሜትሩ ቆፍረው ችግኙን በእነሱ ውስጥ ብቻ ይትከሉ።

ወለሉ ያልተሰነጠቀ አለት ሆኖ ከተገኘ ዛፍ የሚተከለው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ሊለብስ በሚችልበት ቦታ ነው። ያለዎት አፈር ጥቂት ከሆነ በሁሉም ላይ በስሱ ከመበተን በተመረጡ ቦታዎች ሰብስቦ ማልበስ ይሻላል፤ ለቀረው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አፈርና ሳር ይበቃዋል።

ደረጃ 6፦ አፈር ያልብሱ፣ ኖራና ብስባሽ ይጨምሩ

ከሥር የወጣው አፈር ቀድሞ፣ ለሙ አፈር ከላይ ይለብሳል። ለሙን ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያልብሱት፤ ከማልበስዎ በፊት የታችኛውን ገጽ በዶማ ያቋስሉት፤ አለዚያ በሁለቱ መካከል ሥር የማያልፈው ልስልስ ገጽ ይቀራል።

ብስባሽ ወይም የበሰለ ፍግ በ1 ካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም፣ ማለትም በሄክታር ከ100 እስከ 200 ኩንታል ያድርጉ። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ በቆላም ምስጥ ይጠራል።

ኖራ የሚያስፈልገው ለአሲዳማው አፈር ብቻ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በላቦራቶሪ ለተገኘው እያንዳንዱ 1 ሴንቲሞል (በ1 ኪሎ ግራም አፈር ያለ የአሲድ መጠን መለኪያ) የሚለዋወጥ አሲድ፣ ለ1 ኪሎ ግራም አፈር ግማሽ ግራም ንጹሕ ኖራ ያስፈልጋል። የአፈሩ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.2 ግራም ከሆነ የ1 ሄክታር አፈር እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 1,800,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አሲዱ 2 ሴንቲሞል ቢሆን ለኪሎው 1 ግራም ስለሚደርስ 1,800 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 18 ኩንታል ኖራ ይሆናል። ከአፈሩ ክብደት 40 በመቶ ድንጋይ ከሆነ 18ቱን በ0.6 አባዝተው ወደ 11 ኩንታል ያውርዱት። ኖራው ደቅቆ የተፈጨ መሆን አለበት፤ ከመትከል አንድ ወይም ሁለት ወር ቀድሞ ይበተንና ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ኖራና ማዳበሪያ በአንድ ቀን አይበትኑ።

ደረጃ 7፦ መጀመሪያ ሽፋን፣ ቀጥሎ ችግኝ

ዝናቡ እንደጀመረ ሰርዶ፣ ደሾ ወይም ቬቲቨር በእርከኑ ጠርዝ ላይ በችፍግ ይትከሉ፤ በመካከሉ ጥራጥሬ ይዝሩ። ባዶ አፈር ላይ ዛፍ ብቻ መትከል በዛፎቹ መካከል አፈሩ እየታጠበ እንዲያልቅ መፍቀድ ነው።

ዛፉን በከፍታውና በአፈሩ ይምረጡ። በዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ላይ የቆላ ግራሮች፣ ቁርቁራ፣ ክትክታና ቁልቋል ይስማማሉ፤ በደጀን አፋፍ ወይራና ጥድ ይጨመራሉ። በወይና ደጋው ቀይ አፈር ብሳና፣ ሰሳ፣ ዋንዛና ሰስባኒያ ጥሩ ናቸው። በአዊ ደጋ አሲዳማ መሬት ዲከረንስ ቶሎ ይበቅላል፣ ናይትሮጅንም ያበለጽጋል፤ ገበሬው በሚገባ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ለብቻው አይተዉት፣ የአገር ዛፍ ይቀላቅሉበት። ባሕር ዛፍን በካባ ላይ አልመክርም፤ ከሥሩ ሳር ስለማያስበቅል የምንፈልገውን የአፈር ሽፋን ያሳጣል።

1. ዝናቡ አፈሩን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሳያርስ አይትከሉ።
2. ጉድጓዱ 50 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ግድግዳውን በድጅኖ ጫፍ ያቋስሉ።
3. ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቀድደው ያውጡ፤ የተጠማዘዘውን የሥር ጫፍ በስለት ይቁረጡ።
4. የችግኙ አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ በእግር ጫና ሳይሆን በእጅ አፈሩን ያጠጋጉ።
5. ከታች በኩል ግማሽ ጨረቃ (ውኃ የሚይዝ የግማሽ ክብ ቅርጽ ያለው የአፈር ክትር) ይሥሩለት፤ ውኃ በሚያቁር ወለል ላይ ግን ይህን ትተው በጉብታ ላይ ይትከሉት።

ደረጃ 8፦ ይጠብቁ፣ ምልክቱን አንብበው ያርሙ

ቦታው ቢያንስ ለሦስት ዓመት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን። ይህ የሚጸናው የአካባቢው ሰው በመተዳደሪያ ደንብ ተስማምቶበት፣ ሳሩን እያጨደ ወደ ቤቱ የሚወስድበት ሥርዓት ሲኖር ነው። በመስከረም መጨረሻ በችግኙ ዙሪያ የሳር ጉዝጓዝ ያድርጉ፤ በቆላ ግን ምስጥ እንዳይገባ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁት።

ቅጠሉ የሚናገረውን ያስተውሉ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አጥቷል፤ በኖራ ድንጋይ ላይ ይህ ከታየ ማዳበሪያ ከመጨመር ዝርያውን መለወጥ ይቀላል። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አንሶታልና ብስባሽ ይጨምሩ። ሐምራዊ ከሆነ ፎስፈረስ ጎድሎታል፤ የአፈሩን ፒኤች በድጋሚ ያስለኩ። የቅጠሉ ጠርዝ ብቻ ከተቃጠለ ጨው ወይም ድርቀት ነው። ክረምት ላይ እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ ከጠወለገ ውኃ አቁሮበታል፤ ከጉድጓዱ ወደ ታች ማፍሰሻ ይቅደዱለት።

በጥር የጸደቀውን በየክፍሉ ለይተው ይቁጠሩ። ከአሥሩ ሰባት ከጸደቀ የጎደለውን በሚቀጥለው ሐምሌ ይተኩ። ከአሥሩ አምስት ካልሞላ ግን በዚያ ክፍል ላይ ሌላ ችግኝ አይትከሉ፤ ከደረቁት አምስት ያህሉን ነቅለው ሥራቸውን ይመልከቱ፣ ፌሮውን ይዘው ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ። በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ መጀመሪያ ከወሰዱበት ቦታ ናሙና በድጋሚ ወስደው ኦርጋኒክ ካርቦኑንና ፒኤቹን ከቀድሞው ጋር ያወዳድሩ። ካርቦኑ ከጨመረና መሬቱ በሳር ከተሸፈነ ብስባሽ መጨመሩን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ካልጨመረ ሳሩ በጠቅላላ እየታጨደ መውጣቱን ይመርምሩና ቢያንስ ሲሶው በቦታው እንዲበሰብስ ያስቀሩ።